ሁለቱ ሃያኛ ሳምንቶች

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ «ይሄማ የእኛ አይደለም» ብላችሁ ተኝታችሁ ታድራላችሁ፤ እኔ ደግሞ ማንም ተኝቶ እንዲያድር አልፈልግም። ንጉሥ ነበረው፣ ወንዝ ነበረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁጥር ነበረው ብላችሁ ያዙልኝ። እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ንዴቴ ግን አላረጀም።

ድሮ በዚያ አገር ሰው ሲቀጣጠር «በሚመጣው ሳምንት» ነበር የሚባባለው። አንዱ የፊታችንን ሰኞ ማለቱ ነው፣ ሌላው ከዚያ ማዶ ያለውን። የመስኖ ተራ ሲደርስ ሁለቱም አካፋቸውን ይዘው ይመጡና ይፈናከታሉ። በኋላ አንድ ብልህ ሰው ተነሣ። «ሳምንቶቹን ከዓመቱ መግቢያ ጀምረን ለምን በቁጥር አንጠራቸውም?» አለ። «ዓመቱ ሃምሳ ሁለት ሳምንትና አንድ ሁለት ቀን ነው። አሥረኛው ሳምንት የእናንተ ተራ፣ አሥራ አንደኛው የእነሱ። በቃ።» እውነቱን ነበር። ጠቡም ቆመ። ገበሬው ከዘሩ እስከ አጨዳው ስንት ሳምንት እንዳለው ቆጥሮ፣ በሬውንም ደቦውንም አስቀድሞ ማሰናዳት ቻለ። ቁጥሩ ራሱ ምን አጠፋ? ምንም። ያ ሰውዬ ነፍሱን ይማረው፣ ቶሎ ሞተ፤ ከእሱ በኋላ የመጣውን ጉድ ሳያይ ተገላገለ።

ቁጥሩ ሹማምንት እጅ ገባ። መጀመሪያ የወር ስም መጥራት ተከለከለ። ቀጥሎ ሰላምታ ተለወጠ፤ «እንደምን አደርክ» ቀረና «ስንተኛው ላይ ነን?» ሆነ፤ መልሱን የሳተ ሰው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሠርግ ከሃያ ሁለተኛው እስከ ሃያ አራተኛው ሳምንት ብቻ ተፈቀደ። ጮክ ብሎ ማልቀስም ሳምንት ተቆረጠለት፤ በዘጠነኛው ሰው የሞተበት እህህ እያለ እስከ አሥራ ሁለተኛው ይጠብቃል። እርጉዝ ሴት የምትወልድበትን ሳምንት አስቀድማ ታስመዘግባለች፤ ቀድማ ከወለደች ልጁ ሳምንቱ እስኪደርስ «ገና ያልመጣ» ተብሎ ይጻፋል፤ እናቱ እያጠባችው! ትስቃላችሁ? ሳቁ። እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር።

በየመንደሩም ቆጣሪ የሚባል ሰው ተሾመ። መንደሩ መሐል አንድ ግንድ ይተከላል፤ ቆጣሪው ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግንዱ ላይ በመጥረቢያ አንድ ምልክት ይቀርጽና የሳምንቱን ቁጥር ይለፍፋል። ሕጉም እንዲህ ይል ነበር፦ ቆጣሪው በግንዱ ሥር እስካለ ድረስ መንደሩ አለ። ከታዘዘለት ሳምንት በፊት ባዶ ሆኖ የተገኘ መንደር ግን መሬቱ ለንጉሡ ይገባል። ይህን ሕግ ልብ በሉልኝ፤ ሰው የገደለ ሕግ ነው።

የእኛ መንደር ወንዙ ዳር ነበረች። ከላይ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ውሃውን የሚያግድ ትልቅ የድንጋይ ግንብና የብረት በር አለ። በዓመት አንድ ጊዜ በሩ ይከፈታል፤ ውሃው ደለሉን ጠራርጎ ይመጣና መስካችንን ለሦስት ሳምንት ያለብሳል። ሲጎድል ተመልሰን ጭቃው ላይ እንዘራለን፤ እንጀራችን ያው ነው። በሩን የሚያስከፍተው የውሃ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ነው። እኛን ቀድሞ ወደ ኮረብታው የሚያስወጣን ደግሞ የጉዞ ቤት ነው። ድሮ በሁለቱ መካከል ሁለት ሙሉ ሳምንት ነበር። ሰው ዶሮውንም፣ ድስቱንም፣ አሮጊቱንም እየተመላለሰ ያወጣ ነበር።

በዚያ ዓመት የጉዞ ቤት አዲስ አለቃ ተሾመበት፤ ማዕረጉ ሊቀ ሳምንት ነው፣ ስሙ አንተናይሁን። ይህ ሰው ገና ወንበሩ ሳይሞቅ «ሁለት ሳምንት በከንቱ ይባክናል» አለ። «ሕዝቡ በሃያኛው ሳምንት ሰኞ ይውጣ፣ ውሃው በሃያኛው ሳምንት ሐሙስ ይለቀቅ።» የውሃ ቤትም «በሃያኛው ሐሙስ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ወረቀቶች ንጉሡ ፊት ጎን ለጎን ተዘረጉ፤ ሃያና ሃያ ገጠመ። ተጨበጨበ አሉ። አያችሁ፣ ወረቀት ሲገጥም የሚያጨበጭብ ሰው እንዴት ያናድደኛል!

ጉዱን መጀመሪያ ያወቀችው የሻረግ ናት። የሻረግ የቆጣሪያችን የቢያድግልኝ ሚስት ነበረች። ሰሌን ትሠራለች፤ የሠራችውንም ለግንቡ ዘበኞች ትሸጣለች። አንድ ቅዳሜ ሰሌኗን ተሸክማ ወጣች። የበሩ ጠባቂ አያ ሙላው የሚባሉ ሽማግሌ የበሩን መዘውር ሞራ ሲቀቡ አገኘቻቸው።

«ስንተኛው ላይ ነን፣ አያ ሙላው?» አለች እንደ ደንቡ።

«አሥራ ዘጠነኛው ነገ ያልቃል። ሰኞ ሃያ ይገባል፣ ሐሙስ እንከፍታለን። እናንተማ ይሄኔ ዕቃ ጠቅልላችኋል።»

የሻረግ ሳቀች። «ምን ነካዎት አያ ሙላው? ሰኞ የሚገባው አሥራ ዘጠኝ ነው! ባሌ ቆጣሪ መሆኑን ረሱት?»

«የኔ ልጅ፣ እኔ በዚህ በር አርጅቻለሁ፤ ሰኞ ሃያ ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ!»

ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ከዓመቱ መግቢያ ጀምረው በጠጠር ቆጠሩ። ዓመቱ የገባው ሐሙስ ቀን ነበር። እስከ እሑድ ያሉትን አራት ቀኖች የውሃ ቤት አንደኛ ሳምንት ብሎ ቆጥሯቸዋል። የጉዞ ቤት ግን «አራት ቀን ሳምንት አይባልም» ብሎ ትቷቸው፣ አንደኛውን ከሰኞ ጀምሯል። አንድ ጠጠር ነው ልዩነቱ። የውሃ ቤት ሃያኛ ማለት የጉዞ ቤት አሥራ ዘጠነኛ ነው። ውሃው በዚህ ሐሙስ ይመጣል፤ እኛ እንድንወጣ የታዘዝነው ከሐሙስ በኋላ በሚመጣው ሰኞ ነው። ውሃው አራት ቀን ቀድሞ መንደራችን ሊገባ ነው፤ እኛ ቤታችን ተቀምጠን።

«አይክፈቱት!» አለች የሻረግ እግራቸው ላይ ወድቃ። «ስለ እመቤቴ ብለው አይክፈቱት!»

«እኔ ብተወው ያባርሩኝና ሌላ ሰው ይከፍተዋል፣ ልጄ» አሉ አያ ሙላው እንባቸው እየመጣ። «ሂጂ። ሩጪና ለጉዞ ቤት ንገሪ። ስህተቱን ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ ሰዎች ናቸው።»

ሰዎች ናቸው አሉ። አይ አያ ሙላው!

እሑድን ስትጓዝ ውላ ሰኞ ጠዋት የጉዞ ቤት ደረሰች። ሊቀ ሳምንት አንተናይሁን ፊት ቀርባ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችለት። እሱ ከመደርደሪያው ሁለቱን ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ።

«ቁጥር ትለያለሽ?»

«እለያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ይሄ ምን ይላል?»

«ሃያ።»

«ይሄስ?»

«ሃያ።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጠቡ?»

«ጌታዬ፣ የእነሱ ሃያ ዛሬ ገባ! የእርስዎ ሃያ ገና ሳምንት ይቀረዋል!»

«የእነሱ አቆጣጠር ስህተት ነው» አለ ረጋ ብሎ። «አራት ቀን ሳምንት አይባልም። ትክክለኞቹ እኛ ነን፤ አትጨነቂ።»

«ውሃው ማን ትክክል እንደሆነ ጠይቆ ነው የሚመጣው? ይላኩባቸው እንጂ! በሩን እንዳይከፍቱ ይንገሯቸው!»

«የሁለት መሥሪያ ቤት ጉዳይ የሚታረመው በጉባኤ ነው። ጉባኤው በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ይቀመጣል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እንድንወጣ ይፍቀዱልን።»

«ከሃያኛው በፊት የወጣ መንደር መሬቱን ያጣል። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ካልወጣን ነፍሳችንን እናጣለን!»

ሊቀ ሳምንት ወረቀቶቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። «እሱ» አለ፣ «በውሃ ቤት በኩል ነው።»

ይህን ቃል የሻረግ ራሷ ናት የነገረችኝ። ውሃ ቤትም ሄደች። ዘበኛው በር ላይ አቁሞ «የአቤቱታ ሳምንታችን ሃያ አንደኛው ነው» ብሎ መለሳት።

ማክሰኞ ማታ መንደር ገባች። ረቡዕ በማለዳ ግንዱ ሥር ተሰበሰብን። የሻረግ ጠጠሮቹን እንደገና ደርድራ አሳየችን፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይገባው ነበር። ግን ሰው ነንና ማጉረምረም ተጀመረ። «ንጉሡ እያወቀ ውሃ አይለቅብንም» ያለ ነበር። «መሬት ከሄደ ምን ልንበላ ነው?» ያለ ነበር። ዓይኖች ሁሉ ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። እኔ፣ ይሄን ሁሉ የምለፈልፍላችሁ ሰውዬ፣ ያን ቀን ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ዘጋሁ። ይነቅዛል! ዝም እንደሚነቅዝ እኔን ጠይቁኝ።

የተናገረው ቢያድግልኝ ነው። ብዙ የማያወራ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበር።

«ሁላችንም ከቀረን ውሃው ይወስደናል» አለ። «ሁላችንም ከወጣን መሬቱን ይወስዱታል። ሕጉ የሚለው ቆጣሪው ካለ መንደሩ አለ ነው። አንድ ሰው ይበቃል። እናንተ ውጡ፤ እኔ እስከ ሰኞ ግንዱ ሥር እቆማለሁ።»

የሻረግ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጣለች። «ምን አልክ?»

«የሻዬ፣ ስሚኝ...»

«አልሰማም! ግንዱ ገደል ይግባ! መሬቱም ገደል ይግባ! አንተን ቀብሬ ነው የምዘራው?»

«ውሃ ሲመጣ ድምፅ አለው። ድምፁን ስሰማ እሮጣለሁ።»

«ፈረስ እንኳ አያመልጠውም፣ አንተ የት ታመልጣለህ? እንግዲያው እኔም እቀራለሁ!»

«ሴቶቹ ልጆችስ?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ ትንሿ ገና በእግሯ አልጸናችም።

የሻረግ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ትንሿን አዝላ፣ ትልቋን እየጎተተች፣ ዞር ሳትል ወደ ኮረብታው ወጣች። እኛም ተከተልናት። አንድም ሰው «እኔ በአንተ ፈንታ ልቁም» አላለውም። እኔም አላልኩም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው ውሃው የመጣው። ከኮረብታው ላይ ቁልቁል እናያለን። ቢያድግልኝ ግንዱን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ተነሣ። ሮጠ፤ ጎበዝ ሯጭ ነበር፣ ሮጠ። የታችኛውን አጥር እንደዘለለ ውሃው ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። የሻረግ አልጮኸችም፤ የጮኸችው ትልቋ ልጅ ናት። እንዲያም ሆኖ ከጎኔ የቆመች አንዲት ባልቴት «ቀስ፣ ቀስ፣ የለቅሶ ሳምንት አይደለም» ስትል ሰማኋት። ቁጥሩ አጥንታችን ድረስ እንደ ገባ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ፣ በጉዞ ቤት ቁጥር ሃያኛው ሲገባ፣ ተቆጣጣሪ በበቅሎ መጣ። ከኮረብታው ላይ መንደራችን የነበረበትን ውሃ አየ። ሰው የለም። መዝገቡን ከፍቶ «በሃያኛው ሳምንት ሰኞ መንደሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ተገኝቷል፤ ዕቅዱ መቶ በመቶ ተፈጽሟል» ብሎ ጻፈ። ወንዙ ዳር ወርደን ሬሳ እንድንፈልግ ስንለምነው፣ የሞት ወረቀት አምጡ አለን። ያለ ሞት ወረቀት ሬሳ መፈለግ ክልክል ነው፤ ለቀብርም ፈቃድ የለም። የሻረግም ወረቀቱን ልታወጣ ተመልሳ ሊቀ ሳምንት ፊት ቆመች።

«ባሌ ውሃ በልቶታል» አለች። «የሞት ወረቀት ስጡኝ። ፈልጌ ልቅበረው።»

«በስንተኛው ሳምንት ነው የሞተው?»

«በእናንተ ቁጥር በአሥራ ዘጠነኛው።»

የውሃ ቤትን መዝገብ አስመጥቶ ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። «በአሥራ ዘጠነኛው ሳምንት የተለቀቀ ውሃ የለም።»

«እንግዲያው በእነሱ ቁጥር በሃያኛው በሉት!»

የራሱን መዝገብ ገለጠ። «በሃያኛው ሳምንት መንደሩ ውስጥ ሰው አልነበረም።» ቀና ብሎ አያት። «በአሥራ ዘጠነኛው ውሃ አልነበረም፤ በሃያኛው ሰው አልነበረም። ታዲያ ባልሽ እንዴት ሞተ? ሴትዮ፣ ባልሽ በሕይወት አለ። እንዲያውም መንደሩን በዕቅዱ መሠረት በማስወጣቱ በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ንጉሡ ፊት ይሸለማል። ንገሪው፣ እንዳይቀር።»

ይኸውላችሁ። መዝገብ አገላብጦ፣ ሁለት ጊዜ አይቶ፣ ሳይዋሽ ነው የነገራት! ሁለቱም መዝገቦች ትክክል ነበሩ። የዋሸ ሰው ቢሆን እንኳ አንገቱን ታንቀዋለህ፤ ከትክክለኛ መዝገብ ጋር ምን ታደርጋለህ?

በሃያ ሦስተኛው ሳምንት መንደሩ በሙሉ ለሽልማቱ ተጠርቶ ወደ ንጉሡ አዳራሽ ሄደ። ከሌላም መንደር ብዙ ሕዝብ ነበር። ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የውሃ ቤቱ አለቃ በቀኝ፣ ሊቀ ሳምንት አንተናይሁን በግራ። አጋፋሪው በትሩን መሬት ላይ መታና ጮኸ።

«ቆጣሪ ቢያድግልኝ! ቀርበህ ተሸለም!»

ማንም አልተነሣም። «ቆጣሪ ቢያድግልኝ!» አለ ደግሞ።

የሻረግ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት» አለችው። «ውሃ ውስጥ ስለሆነ በደንብ አይሰማም።»

ንጉሡ ወደ ፊት አዘነበሉ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሞቷል፣ ጃንሆይ። በር ከፍታችሁበት ሞቷል።»

ንጉሡ ወደ ሹሞቻቸው ዞሩ። «በሩ የተከፈተው በስንተኛው ሳምንት ነው?»

«በሃያኛው!» አለ የቀኙ።

«በአሥራ ዘጠነኛው!» አለ የግራው፤ እኩል ነው የተናገሩት። ከዚያ ሁለቱም ተያዩ።

ሰው ሁሉ ሰማ። የሳቀ የለም። ንጉሡ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ፤ እኔም ሞኙ፣ አሁን ፍርድ ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ከባድ ጉዳይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የትኛው ቁጥር ትክክል እንደሆነ የሚያጣራ ሌላ ጉባኤ ይሰየም። እስኪጣራ ድረስ ሰውየው በሕይወት እንዳለ ይቆጠር።»

የሻረግ ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ እግዜር ዳግመኛ አያሰማኝ። «የሞተበት ሳምንት ሁለት ነው አላችሁ» አለች። «እኔ ያጣሁት ግን አንድ ባል ነው። ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የእናንተ ጉባኤ ምኑን ነው የሚያጣራልኝ? ቁጠሩ፣ ጃንሆይ! ዕድሜ ልካችሁን ቁጠሩ! እኔ ባሌን ልፈልግ ሄድኩ።»

ነጠላዋን አመሳቅላ፣ ጀርባዋን ለንጉሡ ሰጥታ ወጣች። ለንጉሥ ጀርባ መስጠት በዚያ አገር ሞት ያስፈርዳል። አጋፋሪው «የመውጫ ተራ አልተጠራም! ሬሳ ለመፈለግ ፈቃድ የለሽም!» እያለ በትሩን ይደበድባል።

እኔ ተነሣሁ። «ያን ቀን ዝም ያልኩት ይበቃኛል!» ብዬ ጮህኩ፤ ለማን እንደጮህኩ እንጃ። ከኋላዬ የመንደራችን ሰው ተነሣ፣ ከዚያ የማናውቃቸው የሌላ መንደር ሰዎች። ዘበኞቹ ጦራቸውን አነሡ፤ ግን ስንት ሰው ይወጉ? አዳራሹ ባዶ ቀረ።

ወንዙን ተከትለን፣ ሸምበቆውን እየገለጥን፣ በዱላ እየነካን ፈለግነው። አምስት ቀን ፈጀብን። በታችኛው መታጠፊያ፣ ቅርንጫፍ ሥር አገኘነው። የሻረግ በቀበቶው አወቀችው። እዚያው ከወንዙ በላይ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው፤ ቆፋሪዎቹ አርባ ሰው ይሆኑ ነበር። ሴቶቹ ጮክ ብለው አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን፣ ያቺ ባልቴትም አለቀሰች። ፈቃድ አልጠየቅንም። ስንተኛው ሳምንት እንደሆነም አንድም ሰው አልጠየቀም።